ድመት ያላችሁ የደሴና የኮምቦልቻ ልጆች፣ በወረቀት ጠቅልለው የሚሸጡላችሁን ኪኒን እንዳትሰጧት

ሰላም ለሁላችሁ፣ ሰሞኑን እኔና ድመቴ ላይ የደረሰው ሌላ ሰው ላይ እንዳይደርስ ብዬ ነው የምጽፈው፣ በአላህ እስከመጨረሻው አንብቡት።

ቡላ የምትባል ድመት አለችኝ። ከሁለት ሳምንት በፊት ጅራቷ ስር እንደ ሩዝ ፍሬ ነጫጭ ነገር አየሁባት፣ የምትተኛበት ጨርቅ ላይም ደርቆ ተጣብቋል፣ ኮሶ መሆኑ ገባኝና ከገበያ ስመለስ የከብት መድኃኒት የሚሸጥ አንድ ሱቅ ገባሁ። ሰውየው ስንት ኪሎ ነች፣ እድሜዋ ስንት ነው፣ እርጉዝ ነች ወይ፣ ምንም ሳይጠይቀኝ አንድ ትልቅ ኪኒን በምላጭ ለሁለት ከፈለና ግማሹን በጋዜጣ ጠቅልሎ 400 ብር አለኝ። ስሙ ምንድነው ስለው "የድመት ነው እህቴ፣ ከውጭ የመጣ ነው፣ አብሽሪ፣ ፈጭተሽ በወተት ስጫት" አለኝ። ሌላኛውን ግማሽ ከኋላዬ ቆማ የነበረች ከኮምቦልቻ የመጣች ሴት ለድመቷ ገዛችው።

ወተቱን አሸተተችና ጥላው ሄደች። እኔም ሞኝ ሆኜ ሳይሆን እንድትድን ጓጉቼ በማንኪያ አፏን ከፍቼ ጋትኳት፣ አረፋ ደፈቀች፣ ሳለች፣ ክንዴን ቧጥጣኝ አልጋ ስር ገባች። በማግስቱ እህል አልቀመሰችም፣ ጆሮዋ ይፋጃል። ተመልሼ ሄጄ ስነግረው "ትኩሳት ነው፣ ይሄን ጨምሪላት" ብሎ ሁለት ነጭ ኪኒን በ100 ብር ሸጠልኝ፣ ያንንም በወረቀት።

ወላሂ ልሰጣት ውሃ እየቀዳሁ ነበር የጎረቤታችን ልጅ የገባው፣ ወሎ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ህክምና ይማራል፣ ኪኒኑን አገላብጦ አይቶ ከእጄ ነጠቀኝ። ፓራሲታሞል 500 ሚሊግራም! ለኛ የራስ ምታት የምንውጠው ማለት ነው። የድመት ጉበት ይሄን መድኃኒት የሚያስወግድበት መንገድ ስለሌለው ደሟን ይመርዘዋል፣ ደሟ ኦክስጅን መሸከም ያቅተዋል፣ ድዷ ቡናማ ይሆናል፣ ፊቷና እግሯ ያብጣል፣ አንዷ ፍሬ ብቻ ልትገድላት ትችላለች። ትንሽ ብሰጣትስ የሚባል ነገር የለውም፣ ለድመት በፍጹም አይሰጥም።

ከዛ ልጁ አብሮኝ ሱቁ ድረስ ሄዶ የመጀመሪያውን ማሸጊያ አሳየን አለው። የበግና የፍየል አልቤንዳዞል ቦለስ (ትልቅ የትል ኪኒን) ነው፣ ባለ 300 ሚሊግራም። ሀኪም ጋር ስንወስዳት በዚህ መጠን የድመት መቅኔ ሊጎዳ ይችላል፣ ድዷ እየነጣ ከመጣ ቶሎ አምጪያት አለኝ። ለኮሶው ፕራዚኳንቴል የሚባል ነው የሰጠን፣ እሱንም መዝኖ፣ 3 ኪሎ ከ200 ነች። ኮሶው ከቁንጫ ስለሚመጣ ቁንጫው ካልጠፋ ይመለሳል ብሎኛል፣ ግን ለዛም ብላችሁ የከብት ወይ የውሻ መርጫ እንዳትረጩባት፣ ፐርሜትሪን የሚባል የተባይ መርዝ ያለበት ድመትን ያንቀጠቅጣታል፣ ይገድላታልም።

አሰጣጡን ደግሞ እንዲህ አሳየኝ። በፎጣ እግሮቿን ጭምር ጠቅልላችሁ አንገቷ ብቻ እንዲወጣ ታደርጋላችሁ፣ በግራ እጅ ከላይ ጉንጯን በሁለት በኩል ይዛችሁ ቀና ስታደርጓት የታችኛው መንጋጋዋ ራሱ ላላ ይላል፣ በቀኝ እጅ ጣት ትንሿን የፊት ጥርሷን ወደታች ጫን አድርጋችሁ ኪኒኑን ምላሷ መጨረሻ ላይ ጣል ነው፣ ከዛ አፏን ዘግቶ ጉሮሮዋን ማሸት። ምላሷን አፍንጫዋ ላይ ካወጣች ውጣዋለች። እዚህ ጋር ብዙ ሰው የሚረሳው ውሃውን ነው፣ መርፌው በተነቀለ ሲሪንጅ 5 ሚሊ ያህል በጉንጯ በኩል ቀስ እያላችሁ ስጧት፣ ደረቅ ኪኒን ምግብ ቧንቧዋ ላይ ተጣብቆ ያቆስላል፣ ዶክሲሳይክሊን የሚባለው አንቲባዮቲክ ከሆነማ የባሰ ነው። ቀጥታ ወደ ጉሮሮዋ አትርጩ ግን፣ ሳንባዋ ሊገባ ይችላል። ትንሽ ጥሬ ስጋ ውስጥ ደብቆ መስጠትም ይሰራል፣ ሁሉንም መብላቷን ካያችሁ። ወተት ውስጥ መፍጨት ግን ምን ያህሉን እንደጠጣች አይታወቅም፣ ምሬቱን ካወቀች ደግሞ ለሁለተኛ ጊዜ አትነካውም።

ባለሱቁን ብሬን ስጠይቀው "እኔ የድመት ነው አላልኩም" አለኝ፣ ደረሰኝ የለኝም፣ 500 ብሬ ቀረ። ሱቁ ስሙን አልጽፍም፣ እናንተ ብቻ ማሸጊያውን በአይናችሁ ሳታዩ፣ ስሙንና ማብቂያ ቀኑን ሳታነቡ እንዳትከፍሉ።

ቡላ አሁን በላች፣ ድዷን በየጠዋቱ እያየሁ ነው፣ ሮዝ ነው አልሃምዱሊላህ። የኔ ጭንቀት ከኮምቦልቻ የመጣችው እህት ነች፣ ጥቁር ሻርፕ ለብሳ በፌስታል ሎሚ ይዛ ነበር፣ ድመቷ ገና ግልገል ነች ስትል ሰምቻታለሁ። የምታውቋት ካላችሁ ያንን ግማሽ ኪኒን እንዳትሰጣት ንገሩልኝ፣ ሰጥታትም ከሆነ ዛሬውኑ ሀኪም ታሳያት።