«ይሄን አታገኚም» ያሉኝ ጠበቃ

ፍቺዬ ካለቀ አራተኛ ወሩ ነው። ሰሞኑን ሁለት ጓደኞቼ በየተራ «ጠበቃሽ እንዴት ነበሩ?» አሉኝ። ስማቸውን ለእነሱ በጆሯቸው ነግሬያቸዋለሁ። እዚህ ስለ ሥራቸው ልጻፍ። ከ5 ኮከብ 4 ሰጥቻቸዋለሁ።

መጀመሪያ የሄድኩት ሌላ ጠበቃ ጋ ነበር። ገና በቅጡ ሳልቀመጥ «ምንም አታስቢ፣ ቤቱም ልጆቹም ያንቺ ናቸው» አለኝ። ልቤ ቅቤ ጠጣ። ቤቱ መቼ እንደተገዛ ግን አልጠየቀኝም። የልጆቼን ዕድሜም አልጠየቀኝም። ቀብዱን ከተቀበለ በኋላ ስልኩ አይነሳም። ሦስት ሳምንት ጠብቄ ተውኩት።

ሁለተኛዋ በዕድሜ የገፉ ሴት ናቸው። ታሪኬን ከሠርጉ ቀን ልጀምርላቸው ስል በእጃቸው አስቆሙኝ። ባዶ ወረቀት አወጡና መሃሉን በመስመር ከፈሉት። በአንዱ በኩል «ከጋብቻ በፊት»፣ በሌላው «ከጋብቻ በኋላ» ብለው ጻፉ።

«በይ ያላችሁን ሁሉ ንገሪኝ። ዕዳውንም ጭምር።»

ዕዳም እንደ ንብረቱ ለሁለት እንደሚካፈል አስቤው አላውቅም ነበር። በቀድሞ ባሌ ስም የተወሰደው ብድር ቤቱን ለማደስ ስለዋለ እኔንም ሊነካኝ እንደሚችል የሰማሁት ያን ቀን ነው። ከእናቴ የወረስኩት ገንዘብ ጋ ስንደርስ ብዕራቸውን አስቀመጡ። ከጋራ ሂሳባችን ጋር ቀላቅዬው ነበርና። «ለይተሽ አስቀምጠሽው ቢሆን የግልሽ መሆኑን ማስረዳት ቀላል ነበር። አሁን ሙሉውን አታገኚውም፤ ከአሁኑ ተስፋ ቁረጪ» አሉኝ። ወጥቼ ደረጃው ላይ አለቀስኩ። በኋላ የሆነው ልክ እንዳሉት ነው።

እኔ ክርክሩ ሁሉ «ማን በደለ?» የሚለው ላይ መስሎኝ የስልክ መልእክቶቻችንን አሳትሜ ሄድኩ። 60 ገጽ! አገላብጠው ስለ ልጆቹ ትምህርት ቤት ክፍያ የተጻጻፍንባቸውን 4 ገጾች ብቻ አስቀሩ። ፍቺ ለመስጠት ጥፋተኛ ፍለጋን የተዉ አገሮች ብዙ ናቸው አሉኝ። እንግሊዝና ዌልስ እንኳን ሳይቀሩ እ.ኤ.አ. በ2022 ትተውታል። የቀረውን 56 ገጽ ቤቴ ወስጄ ቀደድኩት፤ እሱም ትንሽ አሳረፈኝ።

«ልጆቹ ለማን ይሆናሉ?» ስላቸው ጥያቄዬን አረሙት። «ለልጆቹ የቱ ይሻላል በይ።» እ.ኤ.አ. የ1989ኙን የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ስምምነት አንቀጽ 3 ጠቀሱልኝ፤ የልጁ ጥቅም በቅድሚያ ይታይ የሚለውን። አንቀጽ 9ንም አነበቡልኝ፦ ጥቅሙን የሚጎዳ ካልሆነ በቀር፣ ከወላጁ የተለየ ልጅ ከእናትም ከአባትም ጋር በቋሚነት የመገናኘት መብት አለው። መብቱ የልጁ መሆኑ አስደነገጠኝ። እኔ አባታቸውን የምቀጣበት ነገር አድርጌው ነበር። ከዚያ ጥያቄው ወረደ። ትምህርት ቤት ማን ያደርሳል? ሐኪም ጋ ማን ይወስዳል? የቤት ሥራ ማን ያሠራል? የሒሳብ የቤት ሥራ የአባታቸው ድርሻ እንደሆነ እያመመኝ ተናገርኩ።

በስምምነት እንድንጨርስ የገፋፉኝም እሳቸው ናቸው፤ ክርክሩ ቢረዝም የሚጠቀሙት እሳቸው ሆነው ሳለ። ቀለቡንም፣ ልጆቹ ከማን ጋር መቼ እንደሚሆኑም ጽፈን አስገባን። ችሎት የቆምነው ሁለት ቀን ብቻ ነው።

አሁን ወደ ቅሬታዬ። የሚያስከፍሉት በሰዓት ነው፤ ስልክም ይቆጠራል። ውሉ ላይ አለ፣ ግን በቃል አልነገሩኝም። በመጀመሪያው ወር 11 ጊዜ ደወልኩ፣ ግማሹ ለብሶት። ሂሳቡ ሲመጣ ክው አልኩ። «ለብሶቱ እህትሽ ጋ ደውዪ፣ እሷ አታስከፍልሽም» አሉኝ። ልክ ናቸው፤ ግን ቀድመው ቢሉኝ ምን ነበረበት? ከዚያ ወዲህ ጥያቄዎቼን ደብተር ላይ እያጠራቀምኩ በሳምንት አንዴ ብቻ መደወል ጀመርኩ። ሌላው፣ የስምምነቱ ረቂቅ ላይ የትንሿ ልጄ ስም ተሳስቶ ነበር። አስተካክለውታል፤ ያየሁት ግን እኔ ነኝ።

የመጨረሻ ቀን አንድ ገጽ ሰጡኝ፤ ከፍርዱ በኋላ የሚቀሩኝ ሥራዎች። የጋራ ሂሳቡን መዝጋት፣ ኑዛዜዬን ማደስ፣ የሕይወት ኢንሹራንሴ ላይ የተጠቃሚውን ስም መቀየር። ሁለቱን ጨርሻለሁ። ኢንሹራንሱ ላይ አሁንም የእሱ ስም ነው ያለው። ሰኞ እሄዳለሁ።