ለሂርማታው ሸራ ሰፊ ምስጋና፣ ጓሮ ላላችሁ ደግሞ ጥቆማ

ጅማ ውስጥ ጓሮ ያላችሁ፣ ችግኝ የምታፈሉ፣ ቡና የተከላችሁ ሁሉ ይህቺን ጽሁፍ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ። ሂርማታ ገበያ ውስጥ ሸራ የሚሰፉ አንድ አባት አሉ። የጉዝጓዝ መሸከሚያና መበተኛ ከረጢት ሰፍተውልኛል። ጉዝጓዝ የምለው አፈሩን ለማልበስ መደብ ላይ የሚነሰነሰውን የቡና ገለፈት፣ ሳርና ቅጠል ነው። ሥራዬን እንዲህ ያቀለለልኝ ዕቃ እስከ ዛሬ አልገጠመኝም። ስማቸውን በአደባባይ እንዳልጠራ ስላሳሰቡኝ አልጠራም፤ የት እንደሚገኙ ግን ከታች እነግራችኋለሁ።

ጉዝጓዝ ለምን እንደሚያስፈልግ ጅማ ላይ ለኖረ ብዙ ማስረዳት አይጠይቅም። በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ የሚዘንብበት ከተማ ነው። ዝናቡ ግን ለዓመቱ እኩል አይከፋፈልም። ክረምት ላይ ባዶ መደብ ላይ ሲወርድ አፈሩን ጠርጎ ይሄዳል፣ ጭቃውን የጎመኑ ቅጠል ላይ ያፈናጥቃል፣ ከጭቃው ጋር በሽታውም ይወጣል። ኅዳር ከገባ በኋላ ደግሞ ያው ቀይ አፈር ደርቆ መቆፈሪያ አላስገባ ይላል። አፈሩ ልብስ ከለበሰ ሁለቱም ይቀላሉ። እርጥበቱ ይቆያል፣ አረሙም እንደልቡ አይወጣም።

ቁሱ እኛ ጋ ሞልቷል። ቡና መፈልፈያ ባለበት ሁሉ የገለፈት ክምር አለ። ሳር አለ፣ የሙዝ ቅጠል አለ፣ የዛፍ ቅጠል አለ። እኔን መከራዬን ያሳየኝ ማመላለሱና መበተኑ ነው። ጆንያ በሁለት እጅ ካልያዙት አይሆንም፤ ጎንበስ ብለው ሲገለብጡት ደግሞ ግማሹ ችግኙ ላይ ይወድቃል። ሳፋ ትንሽ ነው። የእጅ ጋሪ በመደቦች መሀል አያልፍም። ማዳበሪያ የምንለው ከረጢት ፀሐይ ላይ ከሰነበተ ይሰባበርና ክሩ አፈር ውስጥ ይቀራል፤ እሱን መልቀም ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ከአንድ ሱቅ የገዛሁት የተዘጋጀ የጓሮ ከረጢት ደግሞ ገና ብዙ ሳይሠራ ማንጠልጠያው ተገነጠለ። ቢታይ፣ ማንጠልጠያው አፉ ጠርዝ ላይ ብቻ ነው የተሰፋው። ክብደቱን ሁሉ የተሸከመችው አንዲት መስመር ስፌት ናት።

እኚህ አባት ጋ የሄድኩት የጭነት መኪና ሸራ ሲጠግኑ አይቼ ነው። ሥራቸው እሱ ነው፤ የመኪና ሸራ፣ የባጃጅ ሽፋን፣ ገበያ ላይ የሚዘረጋ ጥላ። የምፈልገውን ሳስረዳቸው መቀስ ለማንሳት አልቸኮሉም።

«የምትጭኚበት ምንድን ነው ልጄ?» አሉኝ።

የቡና ገለፈት አልኳቸው።

«ደረቅ ነው እርጥብ?»

አብዛኛውን ጊዜ እርጥብ እንደሆነ ነገርኳቸው። የተከመረ ገለፈት ዝናብ ይመታዋል፣ እኛም ቶሎ እንዲብላላ ውኃ እናርከፈክፍበታለን። «እንግዲያው እርጥቡን ይዘሽልኝ ነይ» አሉ። ይህቺን ጥያቄ የጠየቀኝ ሌላ ሰው የለም። ሌላው የሚጠይቀው ቁመትና ወርድ ብቻ ነው።

ይዤ ሄድኩ። ከጎናቸው ካለው እህል ሻጭ ሚዛን ተውሰው መዘኑት። «ከአንድ ፈረሱላ አትለፊ፤ ከዚያ በላይ ወገብሽን ይጎዳዋል» አሉኝ። ፈረሱላ የቡና አገር ሰው የሚያውቃት 17 ኪሎ ናት። ከረጢቱን ያኔውኑ በዚያ ልክ አሰቡት፤ አፉ ወርዱ 35 ሴንቲ ሜትር፣ ጥልቀቱ 45። ትንሽ ነው ብዬ ተከራክሬያቸው ነበር፤ እሳቸው ግን ፈገግ ብለው ሜትራቸውን አወጡና ከትከሻዬ እስከ ጉልበቴ፣ ልክ ለቀሚስ እንደሚለካ፣ ለኩኝ። ለምን እንደሆነ የገባኝ ከረጢቱ ሲያልቅ ነው።

አሁን ወደ ከረጢቱ ልምጣ፤ እንድታውቁት የምፈልገው እሱን ነው።

ከላይ ክብ ነው። ጠርዙ ውስጥ አሮጌ የውኃ ጎማ ቁራጭ ስለሰፉበት አፉ ሁልጊዜ ተከፍቶ ይቆማል፣ አይጨማደድም። በአንድ እጅ አካፋ ይዛችሁ ብቻችሁን ትሞሉታላችሁ፤ የሚይዝላችሁ ሰው አትጠሩም። መቀመጫው ጠፍጣፋ ስለሆነ መሬት ላይ ሲያስቀምጡት አይወድቅም። ማንጠልጠያው የጭነት ማሰሪያ ቀበቶ ነው፤ በትከሻ አልፎ በደረት ላይ ይወርዳል። ቀበቶው ጠርዙ ላይ አያቆምም። በሁለቱም ጎን ወርዶ ከመቀመጫው ሥር ያልፋል። እንግዲህ ክብደቱን የሚሸከመው ራሱ ቀበቶው ነው፤ ስፌቱ የሚያደርገው ቦታው ላይ ማቆየት ብቻ ነው። ያ የገዛሁት ለምን እንደተገነጠለ ያኔ በዓይኔ አየሁት።

ከመቀመጫው አንድ ጎን እጅጌ ይወጣል። መበተኛው እሱ ነው። ሲሸከሙት እጅጌው ወደ ላይ ታጥፎ በገመድ ይታሰራል። መደቡ ጋ ሲደርሱ ገመዱን ሳብ ያደርጉታል፤ እጅጌው ከጉልበት ዝቅ ብሎ ይወርዳል። በግራ እጅ እጅጌውን ይመሩታል፣ በቀኝ እጅ ከረጢቱን ነቅነቅ ያደርጉታል። ገለፈቱ ከቅርብ ስለሚወርድ አይበተንም፣ አቧራውም ፊት ላይ አይነሳም። በሁለት ጎመን መሀል፣ በቃሪያው ረድፍ፣ በአቦካዶው ዙሪያ በፈለጋችሁት ቦታ ታወርዱታላችሁ። ጎንበስ ማለት የለም። ሲያበቃ እጅጌውን ጠምዘዝ አድርጎ መያዝ ነው፣ መፍሰሱን ያቆማል።

እርጥብ ገለፈት እየተጓጎለ ጠባብ ነገር ይደፍናል። እሳቸው እጅጌውን ከመስፋታቸው በፊት ጡጫቸውን ጨብጠው በሸራው ጠቅልለው ለኩት። «ጡጫ ካለፈበት ገለፈትም ያልፍበታል» አሉ። እውነትም እስካሁን ተደፍኖብኝ አያውቅም።

ስፌቱን ገልብጣችሁ ብታዩት ደግሞ ደስ ይላል። ጠርዙ ሁለት ጊዜ ታጥፎ በሁለት መስመር ተሰፍቷል። ትርፉ ወደ ውጪ ነው የዞረው፤ ወደ ውስጥ ቢሆን ገለፈቱ እዚያ እየተሰነቀረ ሸራውን ያበሰብሰዋል ብለው ነው። ክሩ ናይለን ነው፤ የጥጥ ክር እርጥበት አይችልም። ከሥር ውኃ የሚወጣባቸው ትንንሽ ቀዳዳዎች አሉ፣ በብረት ቀለበት የተከበቡ። ይህን ሁሉ እኔ አላዘዝኩም። አስበው ነው የሠሩት።

አንድ ነገር ደግሞ ሳልናገር ባልፍ ቅር ይለኛል። መጀመሪያ እጅጌውን ያሰሩበት ሲባጎ ሲረጥብ እየጠበቀ አልፈታ ይለኝ ነበር። ወስጄ አሳየኋቸው። «ይሄ የኔ ጥፋት ነው» ብለው ወዲያው በናይለን ገመድ ቀየሩልኝ። ገንዘብ ሳወጣ ተቆጡኝ። መጀመሪያ የተስማማንበት ዋጋ ላይ አንዲት ሳንቲም አልጨመሩም። የእጅ ሥራ ያለው ሰው ሁሉ እንዲህ ቢሆንልን እንዴት በታደልን።

ልታዝዙ ካሰባችሁ ይህን ስሌት ያዙ። የእኔ ከረጢት 43 ሊትር ያህል ይይዛል። ጉዝጓዙን 5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ካለበሳችሁ አንድ ሙሉ ከረጢት አንድ ካሬ ሜትር እንኳን አይሞላም። 10 ካሬ ሜትር መደብ ያላችሁ 12 ጊዜ ያህል ትመላለሳላችሁ። ብዙ ይመስላል፣ ግን እያንዳንዱ ጉዞ ቀላል ነው፤ ሞልቶ መበተኑም አፍታ አይፈጅም። ጀርባችሁ ምሽት ላይ ያመሰግናችኋል። ቦታችሁ ሰፊ ከሆነ ገለፈቱን በጋሪ እስከ ማሳው ጫፍ አድርሳችሁ ከዚያ ወደ ውስጥ በከረጢቱ አስገቡት። ተዳፋት ላይ ቡና ላላችሁ፣ ለምሳሌ ወደ ጅሬን ወጣ ብላችሁ ለምትሠሩ፣ ዋናው ጥቅሙ አንድ እጃችሁ ነፃ መሆኑ ነው። ጭቃ ሲያዳልጥ ቅርንጫፍ ትይዛላችሁ።

ከረጢቱ ስላማረ ብቻ ትኩስ ገለፈት ወስዳችሁ ችግኝ ላይ እንዳትደፉ ግን። ገና ከመፈልፈያ የወጣ ገለፈት ሲብላላ ይግላል፣ የአፈሩን ናይትሮጅን ይሻማል፣ በውስጡ ያለው ካፌይንም ለለጋ ችግኝ አይስማማም። ጥቂት ወራት ተከምሮ፣ እየረጠበና እየተገላበጠ ይቆይ። የከብት አዛባ ቢደባለቅበት ይፈጥናል። ጠቁሮ አፈር አፈር ሲሸት ደርሷል። ስታለብሱ ደግሞ ከግንዱ አንድ ስንዝር ያህል አርቁት። ግንድ ላይ የተከመረ ጉዝጓዝ ልጡን ያበሰብሳል፣ ምስጥም ይጠራል፤ የኛ አካባቢ ምስጥ ደግሞ የታወቀ ነው። እጅጌው የጠቀመኝ አንዱ እዚህ ላይ ነው፤ ዙሪያውን ቀለበት ሠርቶ ማውረድ ይቻላል። ጊዜው መስከረም መጨረሻና ጥቅምት ቢሆን ጥሩ ነው፤ አፈሩ ገና እርጥበቱን ሳይጨርስ ማልበስ ነው። ደርቆ ካበቃ በኋላ ማልበስ ድርቀቱን መሸፈን ነው የሚሆነው።

ከረጢቱ ለማይሆንበትም አታውሉት። እሾህ ያለው ቅርንጫፍ ሸራውን ይወጋዋል። ረጅም ሳርም በእጅጌው አይወርድም፤ በማጭድ አጠር አጠር አድርጋችሁ ከቆረጣችሁት ግን ይሄዳል። ሥራ ስትጨርሱ አራግፋችሁ፣ ገልብጣችሁ ጥላ ውስጥ ስቀሉት። እርጥብ ጉዝጓዝ ይዞ እንዲያድር አትተዉት።

የሚገኙት ሂርማታ ገበያ፣ ገመድና ሸራ ከሚሸጥባቸው ሱቆች በስተጀርባ ነው። «የመኪና ሸራ የሚሰፉት አባት» ብላችሁ ብትጠይቁ ያሳዩአችኋል። ሐሙስ የገበያ ቀን ስለሆነ ግርግሩ አያነጋግራችሁም፤ ሌላ ቀን ሂዱ። አርብ ጁምዓ ሰላት ላይ ናቸው፣ ከዚያ በኋላ ይመለሳሉ። ዋጋ እዚህ አልጽፍም፤ የሸራ ዋጋ ዛሬ ያለው ነገ አይገኝም። ከመኪና ሸራ የተረፈ ቁራጭ ካላቸው ግን ከእሱ ይሠሩላችኋል፣ ይቀንስላችኋል፤ ጥንካሬው ያው ነው። የእኔም በሁለት ዓይነት ቀለም የተሰፋው ለዚህ ነው። የምትጭኑበትን ነገር ትንሽ በፌስታል ይዛችሁ ሂዱ፣ መጠየቃቸው አይቀርም። የሚሸከመውም ሰው ራሱ ይሂድ፤ ልኩ የሚወሰደው በእሱ ቁመት ነው።

ጋሼ፣ ይህን ጽሁፍ ልጆችዎ ያነቡልዎታል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። እጅዎ ይባረክ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥዎ። የእናቴን ከረጢት በሚመጣው ሳምንት ይዣት መጥቼ እናዛለን። እሷ ከእኔ አጠር ትላለች፤ ክብደቱም ከግማሽ ፈረሱላ እንዳያልፍባት አደራ።