ካርቦን ለመቅበር ያሰበ ፋብሪካ የትኛውን አገር ይምረጥ? የአሜሪካ፣ የኖርዌይና የኔዘርላንድ ድጋፎች ንጽጽር

ከጭስ ማውጫው የሚወጣውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይዞ ከመሬት በታች ለማከማቸት ያቀደ የሲሚንቶ ወይም የማዳበሪያ አምራች፣ አገር ሲያማርጥ በቅድሚያ የሚጠይቀው መንግሥት በቶን ስንት እንደሚከፍል ነው። ከዚህ የሚቀድመው ጥያቄ ግን ገንዘቡ መቼ እንደሚገኝና ሥራው ቢሰናከል ኪሳራውን ማን እንደሚሸከም ነው።

የአሜሪካ የታክስ ሕግ አንቀጽ 45ኪው፣ እ.ኤ.አ. በ2022 ከተሻሻለ ወዲህ፣ የደመወዝና የሥልጠና መስፈርቶችን ላሟላ ድርጅት በከርሰ ምድር ለተከማቸ ለእያንዳንዱ ቶን 85 ዶላር ከሚከፍለው ታክስ ላይ ለ12 ዓመታት ይቀንስለታል። ትርፉ አነስተኛ የሆነ ድርጅት መብቱን ለሌላ ታክስ ከፋይ መሸጥ ይችላል። ሆኖም ግንባታው ከ2033 በፊት መጀመር ያለበት ሲሆን፣ ጋዙ ካልተያዘና ካልተከማቸ ቅናሹ ስለማይገኝ፣ በዚህ አንቀጽ ብቻ የሚተማመን ባለሀብት የግንባታውን ወጪ አስቀድሞ ከራሱ ኪስ ወይም ከባንክ ማምጣት ይኖርበታል።

ኖርዌይ የጀመረችው ከቅጣት ነው። በ1991 በባሕር ላይ ነዳጅ አምራቾች ላይ የካርቦን ታክስ በመጣሏ፣ የስላይፕነር የጋዝ መስክ ከ1996 አንሥቶ በዓመት አንድ ሚሊዮን ቶን ገደማ ከባሕር ወለል በታች መቅበርን መረጠ። በ2020 መንግሥት ይፋ ባደረገው የሎንግሺፕ ፕሮጀክት ደግሞ የወጪውን ሁለት ሦስተኛ ያህል ራሱ ለመሸፈን ተስማማ። የብሬቪክ ሲሚንቶ ፋብሪካ በዓመት እስከ 400,000 ቶን ይዞ በኖርዌይ ምዕራባዊ የባሕር ዳርቻ ወዳለው ኦይጋርደን በመርከብ ይልካል፤ ከዚያም ጋዙ በ100 ኪሎ ሜትር ቧንቧ ተጉዞ ከባሕሩ ወለል 2,600 ሜትር ገደማ ዝቅ ብሎ ይቀበራል። ከሦስቱ ለጋሱ ድጋፍ ይህ ነው፤ ነገር ግን መንግሥት ከተመረጡ ፕሮጀክቶች ጋር በተናጠል የተደራደረበት እንጂ ለመጣ ሁሉ የተከፈተ በር አይደለም። የውጭ አገር ፋብሪካ ከዚያ የሚገዛው የማከማቻ አገልግሎቱን ነው።

ኔዘርላንድ በውድድር በምትሰጠው ኤስዲኢ ፕላስ ፕላስ በተባለው ድጎማ፣ በሥራው ወጪና በአውሮፓ የልቀት ፈቃድ (ፋብሪካዎች ለሚለቁት ለእያንዳንዱ ቶን ሊኖራቸው የሚገባ፣ በገበያ የሚሸጥ ፈቃድ) ዋጋ መካከል ያለውን ልዩነት እስከ 15 ዓመት ትሞላለች። የፈቃዱ ዋጋ ሲወጣ ድጎማው ይቀንሳል። የገበያ መዋዠቅ ለሚያሳስበው አምራች፣ በእኔ ግምት፣ ከአሜሪካው የተሻለ ነው።

ብዙዎች የሚዘነጉት የጉድጓዱን ኃላፊነት ነው። በአሜሪካ ፌዴራላዊ ደንብ መሠረት ጋዙን ወደ ጉድጓዱ ማስገባቱ ካቆመ በኋላ የሚደረገው ክትትል በመደበኛው 50 ዓመት ሲሆን፣ የአውሮፓው የ2009 መመሪያ ግን መስፈርቶቹ ከተሟሉ፣ በመርህ ደረጃ ከ20 ዓመት በኋላ ኃላፊነቱን ለመንግሥት ያስተላልፋል። የማከማቻ ጉድጓዱን ራሱ ለማስተዳደር ያሰበ አምራች ይህን ልዩነት ከ85 ዶላሩ ጋር አብሮ ያስላ።