ኮክሬን ላይብረሪ፦ ለታመመ ጉልበት የቀረበ ሚዛን

ጉልበቴ ደረጃ መውጣት ሲከለክለኝ፣ ሐኪሜ በቀጭን መሣሪያ መገጣጠሚያውን የማጽዳት ቀዶ ሕክምና መከሩኝ። ቀጠሮ ከመያዜ በፊት የኮክሬን ላይብረሪን ድረ ገጽ ከፈትኩ። ኮክሬን እ.ኤ.አ. በ1993 የተመሠረተ ድርጅት ሲሆን፣ በአንድ ጥያቄ ላይ የተሠሩ የሕክምና ሙከራዎችን ለቅሞና አበጥሮ ይመዝናል።

እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው ግምገማ 16 ሙከራዎችን መርምሯል። ከዕድሜ ጋር ለሚያረጅ ጉልበት ይህ ሕክምና ከይስሙላ ቀዶ ሕክምና (አዎ፣ ለሙከራ ሲባል እንዲህም ይደረጋል) እምብዛም አይሻልም ይላል። ለተራ አንባቢ የተጻፈውን ማጠቃለያ አትሜ ለሐኪሜ ወሰድኩላቸው። መነጽራቸውን አድርገው ሁለት ጊዜ አነበቡትና ወደ ፊዚዮቴራፒ ላኩኝ።

በጣም የወደድኩት ግን የኮክሬንን አርማ ነው። ጌጥ ይመስላል እንጂ እውነተኛ ውጤት ነው፦ ያለጊዜያቸው ሊወልዱ ለተቃረቡ እናቶች ስለሚሰጥ የስቴሮይድ መድኃኒት የተደረጉ ሙከራዎች። እያንዳንዷ አግድም መስመር አንድ ሙከራ ናት። ብዙዎቹ መስመሮች መካከለኛውን ቀጥ ያለ መስመር (ትርጉሙ «ልዩነት የለም» ነው) ስለሚነኩ፣ ለየብቻ ሲታዩ አያሳምኑም። ሲደመሩ የሚሰጡት ትንሽ አልማዝ ግን ከመስመሩ በስተግራ ለብቻዋ ቆማለች፤ መድኃኒቱ የሕፃናትን ሞት ይቀንሳል ማለት ነው።

ቅሬታ አለኝ። ማጠቃለያው ነጻ ቢሆንም ሙሉ ጽሑፉ አንዳንድ ጊዜ ተቆልፎ ይጠብቃል። «የማስረጃው እርግጠኝነት ዝቅተኛ ነው» የሚለው ሐረግም ቁርጡን ለማወቅ የቸኮለ በሽተኛን ያንገበግባል፤ ስለ ጀርባ ሕመሜ ፈልጌ ያገኘሁት እሱኑ ነው።