ማቆያ ቤት ወይስ አምቡላንስ?

ገጠር ነው፤ ነፍሰ ጡሯ የመጨረሻ ወሯን ይዛለች። ሁለት ምርጫ አላት፦ ጤና ተቋም ግቢ ውስጥ ወዳለው የእናቶች ማቆያ ቀድሞ መግባት፣ ወይም ምጥ ሲጀምር አምቡላንስ መጥራት።

አምቡላንሱን ከመረጠች ምጥ እስኪጀምራት ከቤቷ አትርቅም። ችግሩ መንገዱ ነው። ክረምት ላይ መኪናው ወንዝ ማዶ ይቆማል፤ እስከዚያ ያለው ጉዞ በቃሬዛ፣ በጎረምሶች ትከሻ ነው። ኔትወርክ ከሌለ፣ ወይም መኪናው ሌላ ወላድ ይዞ ከሄደ ደግሞ አለቀ። ከወሊድ በኋላ የሚፈስ ደም በ2 ሰዓት ውስጥ ሊገድል ይችላል።

ማቆያው ይህን ሩጫ ያስቀራል። ጉራጌ ያለው አጣጥ ሆስፒታል ለአሥርት ዓመታት ሠርቶበታል። ነፍሰ ጡሮቹ ቀናቸው ሲቃረብ ሁለት ሦስት ሳምንት ቀድመው ይገባሉ፤ አዋላጇ ደም ግፊታቸውን ትለካለች፣ የፅንሱን የልብ ምት ታዳምጣለች። ቡና ይፈላል፣ ገንፎ ይገነፋል። ግን ዱቄቱንና ቅቤውን ማን ያመጣል? ብዙ ቦታ የሚያዋጣው ነዋሪው ነው፤ መዋጮው ሲቀዘቅዝ ማቆያው ባዶ ክፍል ይሆናል። እቤት የቀሩትን ልጆችስ ማን ይይዛል? ባልየው "እኔ አለሁ" ካላለ እሷ ንቅንቅ አትልም።

እኔን ከጠየቃችሁኝ ማቆያው ይሻላል፤ በተለይ ቤቷ ከመኪና መንገድ ለራቀ፣ መንታ ላረገዘች፣ ከዚህ በፊት በኦፕራሲዮን ለወለደች። የኋለኞቹ ሁለቱ ግን ሆስፒታል አጠገብ ያለውን ቢመርጡ ይበጃል፤ አብዛኛው ጤና ጣቢያ ኦፕራሲዮን አይሠራም። ከተማ ዳር የምትኖረው ደግሞ እቤቷ ትቆይ፤ የሾፌሩን ስልክ ብቻ ትያዝ።