«ለኮራል ደህና» የሚባለው ሰንስክሪን፦ ጀርባውን ሳያነቡ አይግዙ

ለዋናተኛና ለጠላቂ የሚሸጥ ሰንስክሪን (የፀሐይ መከላከያ ቅባት) ብዙ ጊዜ ፊቱ ላይ የዓሣ ወይም የኮራል (ቋጥኝ መሳይ ቤት የሚሠራ የባሕር እንስሳ) ሥዕል አለበት። ሥዕሉም ሆነ «ለኮራል ደህና» የሚለው ጽሑፍ ግን ምንም አያረጋግጥም። በየአገሩ የሚሠራ አንድ ወጥ መስፈርት ስለሌለው አምራቹ ደስ ባለው ዕቃ ላይ ይለጥፈዋል። እዚህ የምንገመግመው ከሁሉም ይሻላል የሚባለውን፣ በዚንክ ኦክሳይድ (ፀሐይን በሚከላከል ነጭ ማዕድን) የሚሠራውንና ኤስፒኤፉ (ከፀሐይ ቃጠሎ የመከላከል አቅሙ) 30 እና ከዚያ በላይ የሆነውን ዓይነት ነው።

መጀመሪያ ጀርባውን ይመልከቱ። ለአሜሪካ ገበያ የተሠራ ከሆነ ፀሐይን የሚከላከሉት ንጥረ ነገሮች የሚዘረዘሩበት «አክቲቭ ኢንግሪዲየንት» የሚል ክፍል አለው፤ እዚያ ላይ ዚንክ ኦክሳይድ ብቻውን ወይም ከቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ጋር ብቻ ከተጻፈ ይውሰዱት። ለአውሮፓ የተሠራው ሁሉንም በአንድ ዝርዝር ይደባልቅና ስሙንም ይቀይረዋል፦ ለኮራል ጎጂ ከሚባሉት የፀሐይ መከላከያ ኬሚካሎች ኦክሲቤንዞን «ቤንዞፌኖን-3»፣ ኦክቲኖክሴት ደግሞ «ኢቲልሄክሲል ሜቶክሲሲናሜት» ሆነው ይመጣሉ። ኦክሲቤንዞን የሚለውን ቃል ፈልጎ ያጣ ሰው «የለበትም» ብሎ ቢገዛ አይፈረድበትም።

«የሃዋይን ሕግ ያሟላል» የሚለውም ያዘናጋል። ሃዋይ ከጃንዋሪ 2021 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ያለ ሐኪም ማዘዣ እንዳይሸጡ የከለከለችው ኦክሲቤንዞንንና ኦክቲኖክሴትን ነው። ስለዚህ ኦክቶክሪሊን የተባለ ሌላ የፀሐይ መከላከያ ኬሚካል ያለበት ቅባት ይህን ሕግ ያለምንም ችግር ያልፋል፤ ኦክቶክሪሊን ደግሞ መደርደሪያ ላይ በቆየ ቁጥር ከፊሉ ካንሰር ያመጣል ተብሎ ወደሚጠረጠረው ቤንዞፌኖን ይለወጣል። በ2020 ሥራ ላይ የዋለው የፓላው (የፓስፊክ ደሴት አገር) ሕግ 10 ኬሚካሎችን ሲከለክል ኦክቶክሪሊንንም ጨምሯል። ለሸማች የሚጠቅመው መመዘኛ ይሄኛው ነው።

ኦክሲቤንዞን ምን አጠፋ? በ2022 የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የኮራል ዘመድ በሆነው የባሕር አኔሞን ላይ እንዳዩት፣ እንስሳው ኬሚካሉን ለማስወገድ ሲል ስኳር ያጣብቅበታል። የተፈጠረው ውህድ ብርሃን ሲያርፍበት ጭራሽ መርዝ ይሆናል። በአኔሞኑ ውስጥ የሚኖሩት አልጌዎች (እንደ ተክል ከብርሃን ምግብ የሚሠሩ ጥቃቅን ፍጥረታት) ከመርዙ የተወሰነውን ወደ ራሳቸው ስለሚወስዱ፣ አልጌ የሌላቸው አኔሞኖች ቀድመው ሞቱ። በሙቀት የነጣ ኮራልም አልጌውን ያጣ ነውና አደጋው የሚብሰው በደከመው ላይ ነው። እርግጥ ሙከራው የተካሄደው ባሕር ውስጥ ከተለመደው በጎላ መጠን ነው። ቢሆንም ሌላ አማራጭ እያለ ይህን መቀባት ምክንያት የለውም።

ዚንኩም ከነቀፋ ነጻ አይደለም። ቅንጣቱ ከ100 ናኖሜትር በታች («ናኖ» የሚባለው) ሲሆን፣ በተለይም ልባስ ከሌለው፣ ብርሃን ላይ ሕዋስ የሚጎዱ የኦክስጅን ውህዶችን ያመነጫል። «ናኖ ያልሆነ» የሚለውን ይምረጡ፤ እሱም ቢሆን የአምራቹ ቃል መሆኑን አይርሱ።

አጠቃቀሙ ላይ ቅባቱ ወፍራም ነው፣ ይጎተታል፣ ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ አመድ የነሰነሱበት ያስመስላል። ብረት ኦክሳይድ የተጨመረበት ባለቀለሙ ይህን ያስተካክላል፤ በምትኩ ነጭ ልብስ ያበላሻል። ከዚህ የሚከፋው መለያየቱ ነው። ቲዩቡ ሲጨመቅ መጀመሪያ ቀጭን ዘይት ጠብ ካለ ዚንኩ ወደ ታች ዘቅጧል ማለት ነው፤ በዚያ ዘይት የተቀባው ቦታ ይቃጠላል። ክዳኑን ሳይከፍቱ በደንብ ያሹት፣ ይነቅንቁት፤ ከዚያም በኋላ ካልተዋሐደ ይጣሉት። ተቀብተው 15 ደቂቃ ሳይቆዩ ውሃ ውስጥ አይግቡ፣ አለበለዚያ ቅባቱ ከቆዳዎ ይልቅ ለባሕሩ ይተርፋል። «80 ደቂቃ ውሃ ይቋቋማል» የሚለውም ከ80 ደቂቃ በኋላ እንደገና ይቀቡ ማለት ነው።

መጠኑ ላይ ብዙ ሰው ይሰስታል። ኤስፒኤፍ የሚለካው በአንድ ካሬ ሴንቲሜትር ቆዳ 2 ሚሊግራም ተቀብቶ ነው፤ የዋና ልብስ ብቻ ለለበሰ አዋቂ ይህ 30 ሚሊሊትር ገደማ ይሆናል። 100 ሚሊሊትሩ ቲዩብ እንግዲህ ከሦስት ጊዜ ብዙም አያልፍም። ዩፒኤፉ (ጨርቁ የፀሐይን ጎጂ ጨረር፣ አልትራቫዮሌትን፣ የሚከላከልበት መጠን) 50 የሆነ፣ እጅጌውም እግሩም ረጅም የሆነ የዋና ልብስ ቢለብሱ ግን የሚቀባው ፊት፣ አንገት፣ እጅና የእግር ጫፍ ብቻ ይሆናል። ጨርቁ ከአልትራቫዮሌቱ የሚያሳልፈው ቢበዛ 2 በመቶ ነው፤ በየሰዓቱም መደገም አይፈልግም። ገንዘብዎ ለአንድ ብቻ የሚበቃ ከሆነ ልብሱን ይግዙ።

ቅባቱ የማይሠራውንም እንናገር። ኮራልን በገፍ የሚገድለው የባሕር ሙቀት ነው፦ ውሃው ከዓመቱ ሞቃት ወር አማካይ በ1 ዲግሪ ሴልሺየስ ከፍ ብሎ ለሳምንታት ሲቆይ ኮራሉ አልጌውን አስወጥቶ ይነጣል። አራተኛው ዓለም አቀፍ የኮራል መንጣት የታወጀው በኤፕሪል 2024 ነው። ሣጥኑ ላይ «ኮራልን ያድናል» ብሎ የሚጽፍ አምራች እያጋነነ ነው።

በእኛ ሚዛን ናኖ ያልሆነው የዚንክ ቅባት ከ5 ኮከብ 4 ያገኛል፤ አንዱን ያጣው በመዝቀጡ ነው። ስፕሬውን ግን ዚንክ ቢሆንም አንመክርም። ነፋስ ብዙውን አሸዋ ላይ ይበትነዋል፣ ማዕበሉ ሲመጣ ጠርጎ ወደ ኮራሉ ይወስደዋል፤ ቆዳ ላይ ያረፈውም ስስ ስለሚሆን የተጻፈበትን ኤስፒኤፍ አያደርስም።