ስምንት ወር ከባክአፕ ጋር፦ በማይክሮቫክስ 2 ላይ ጭማሪ ቅጂ መያዝ

ቴፑ ሲሽከረከር የሚያሰማውን ድምፅ አሁን ከጎን ክፍል ሆኜ እለየዋለሁ። ወጥ ሆኖ ካጉረመረመ ሥራው በደህና እየሄደ ነው። ቆም ብሎ፣ ወደ ኋላ ተመልሶ፣ እንደገና ወደ ፊት እየተንደረደረ ከተንገጫገጨ ግን ኮምፒውተሩ መረጃውን በሚፈለገው ፍጥነት እያቀበለው አይደለም። በመጀመሪያው ወር የሰማሁት ሁለተኛውን ድምፅ ብቻ ነበር።

መሣሪያዬ እ.ኤ.አ. በ1985 ለገበያ የቀረበው ማይክሮቫክስ 2 የተባለ ኮምፒውተር ነው። ዲስኩ 159 ሜጋባይት የሚይዘው አርዲ 54፣ የቴፕ መሣሪያው ደግሞ በአንድ ካርትሪጅ 95 ሜጋባይት የሚይዘው ቲኬ 50 ነው። እዚህ የምገመግመው ግን ብረቱን ሳይሆን ቪኤምኤስ ከተባለው የኮምፒውተሩ ሥርዓተ ክወና ጋር አብሮ የሚመጣውን ባክአፕ የተባለ ፕሮግራም ነው፤ በተለይም ካለፈው ቅጂ ወዲህ የተለወጡትን ፋይሎች ብቻ ለይቶ ቴፕ ላይ የሚያሰፍርበትን አሠራር።

የመንገጫገጩ መድኃኒት የተገኘው ከፕሮግራሙ ውጭ ነው። ቅጂውን የማካሂድበት የተጠቃሚ መለያ የተሰጠው የማህደረ ትውስታ ድርሻ ጠባብ ስለነበር ባክአፕ በቂ መረጃ አስቀድሞ መደርደር አልቻለም ነበር። ድርሻውንና በአንድ ጊዜ ሊከፈቱ የሚችሉትን ፋይሎች ቁጥር ከፍ ሳደርግለት ቴፑ ማጉረምረም ጀመረ። ይህን ሳያስተካክል ፕሮግራሙን ቀርፋፋ ብሎ የሚያማ ሰው ካጋጠማችሁ አትስሙት።

አሠራሩ ሲታይ ቀላል ነው። እያንዳንዱ ፋይል የተፈጠረበትን፣ የተሻሻለበትንና ቅጂ የተያዘለትን ቀን በራስጌው፣ ማለትም ስለ ፋይሉ መረጃ በሚመዘገብበት ቦታ፣ ላይ ይዞ ይዞራል። ትእዛዙ ላይ ሪኮርድ የሚለው ቃል ከታከለ ፕሮግራሙ በገለበጣቸው ፋይሎች ራስጌ ላይ ቀኑን ይጽፋል። በሚቀጥለው ጊዜ፣ ቅጂ ከተያዘለት በኋላ የተሻሻለውን ፋይል ብቻ ያነሳል። ደስ የሚለኝ ቅደም ተከተሉ ነው፤ መጀመሪያ ይገለብጣል፣ ቬሪፋይ ከተባለ የገለበጠውን ከዲስኩ ጋር ያመሳክራል፣ ቀኑን የሚጽፈው ከሁሉም በኋላ ነው። ቴፑ መሐል ላይ ተበላሽቶ ሥራው ቢቋረጥ፣ ያልተገለበጠ ፋይል ተገልብጧል ተብሎ አይመዘገብም።

ዩኒክስ በተባለው ሌላ ሥርዓተ ክወና ላይ ቅጂ የሚይዘውን ዳምፕ የለመደ ሰው ግን ይቸገራል። ዳምፕ ከ0 እስከ 9 ደረጃዎች አሉት፤ መቼ በየትኛው ደረጃ ቅጂ እንደያዘም በአንድ የጽሑፍ ፋይል ላይ ያሰፍራል፤ ከፍተህ ታነበዋለህ። የባክአፕ ማስታወሻ ግን በሺህ በሚቆጠሩ ራስጌዎች ላይ ተበትኗል። መቼ እንደተገለበጠ እንጂ ወዴት እንደተገለበጠ ራስጌው አይናገርም። እኔን ያስከፈለኝ ይኸው ነው።

ያኔ ሙሉ ቅጂ በወር፣ ጭማሪውን ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ ነበር የምይዘው። በሦስተኛው ወር አንድ ሐሙስ ዕለት፣ በእጄ የገባ ትርፍ ካርትሪጅ ይሠራ እንደሆነ ለመፈተን የቅዳሜውን የትእዛዝ ፋይል ቀየር አድርጌ የፎርትራን ፕሮግራሞቼን ማውጫ ገለበጥኩበት። ካርትሪጁ ይሠራል። ለሌላ ሥራ እንደ አዲስ አሰናዳሁትና በላዩ ጻፍኩበት። ሪኮርድ የምትለዋን ቃል ከትእዛዙ ላይ ማንሳት ግን ረስቼ ነበር።

በተከታዩ ሰኞ የተሳሳተ ማውጫ ውስጥ ቆሜ ፋይሎች ሰረዝኩ፤ ያውም ከሴሚኮለኑ ቀጥሎ ኮከብ አድርጌ። ቪኤምኤስ ፋይል ባሻሻልክ ቁጥር የቀድሞውን እትም ስለሚያስቀር ከእንዲህ ያለው ጣጣ ብዙ ጊዜ በራሱ ያድንሃል። ኮከቧ ግን እትሞቹን ሁሉ ጠራርጋ ትወስዳለች። አልደነገጥኩም፤ የቅዳሜው ቴፕ አለ። ካርትሪጁን ከትቼ ቀዩን ቁልፍ ተጫንኩ፤ አረንጓዴው መብራት እስኪበራ ጠበቅኩና ዝርዝሩን አስወጣሁ። አንድም የፎርትራን ፋይል የለበትም።

ማውጫው ውስጥ ከስረዛው የተረፈ አንድ ፋይል ነበር፤ ሙሉ መግለጫውን አየሁ። ቅጂ ተይዞለት የማያውቅ ፋይል በመጨረሻው የቀን መስመር ላይ ቅጂ አልተመዘገበም የሚል ጽሑፍ ያሳያል። ይህኛው ግን ሐሙስን በልበ ሙሉነት ጽፏል፤ የሐሙሱ ቴፕ ግን ጠፍቶ በላዩ ሌላ ነገር ተጽፎበታል። ባክአፕ ቅዳሜ ዕለት ራስጌውን አይቶ «ይህስ ተይዟል» ብሎ አልፎታል። እንደታዘዘው ነው የሠራው። ከቅዳሜ እስከ ሐሙስ የሠራሁት የአምስት ቀን ሥራ በዚያው ቀረ። ሁለቱን ንዑስ ፕሮግራሞች በወረቀት አትሜያቸው ስለነበር እያየሁ መልሼ ተየብኳቸው፤ ሦስተኛውን ከጭንቅላቴ ጻፍኩት፤ ከመጀመሪያው አጥሮ ወጣ፤ ቢያንስ ያ ተረፈኝ።

ከዚያ ወዲህ ሙሉውን እሑድ እሑድ፣ ጭማሪውን በየማታው እይዛለሁ። የሙከራ ቅጂ ስይዝ ሪኮርድ አልጠቀምም። ዋናው ለውጥ ግን ጆርናል የተባለውን አማራጭ ማብራቴ ነው። የትኛው ፋይል፣ በየትኛው የቅጂ ስብስብ፣ በየትኛው ካርትሪጅ እንዳለ በአንድ የመዝገብ ፋይል ላይ ያሰፍራል። መዝገቡን በሁለተኛ ዲስክ ላይ አስቀምጠዋለሁ። እንዲህ ያለ አስፈላጊ ነገር ካልጠየቁት የማይሠራ መሆኑ አሁንም ያናድደኛል።

በስድስተኛው ወር ሆን ብዬ ባዶ ዲስክ ላይ ሁሉንም መልሼ ለማቋቋም ሞከርኩ። ሙሉው ቅጂ መጀመሪያ፣ ከዚያ ጭማሪዎቹ ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው፤ በዚህ ቅደም ተከተል ሥራው ይቀላል። በሳምንቱ መሐል የሰረዝኳቸው ፋይሎች ከሙሉው ቅጂ ጋር ተመልሰው ነበር፤ ጭማሪዎቹ ሲጫኑ ግን ተለይተው ተሰረዙ። አንዱ ካርትሪጅ ላይ የማይነበብ ቦታ አጋጥሞ ነበር። ባክአፕ በየአሥሩ ብሎክ (የመረጃ ቁራጭ) አንድ የማካካሻ ብሎክ ስለሚጽፍ የጎደለውን ከቀሩት አስልቶ መለሰው። በቴፑ ላይ አሥር በመቶ ያህል ቦታ ይበላል፤ ለአሮጌ ቴፕ ከዚህ የተሻለ ወጪ የለም። ሲስተሙ ያለበት ዲስክ ራሱ ቢሞት ግን በመጀመሪያ ለብቻው የሚነሳውን ባክአፕ ከቴፕ ማስነሳት ግድ ነው፤ በቲኬ 50 ይህ እስኪሆን አንድ ጋዜጣ ከዳር እስከ ዳር ይነበባል።

አንድ ያልተፈታ ቅሬታ አለኝ። በሌላ ፕሮግራም ለጽሑፍ የተከፈተ ፋይል ሲያጋጥመው ባክአፕ ስህተት ብሎ ያልፈዋል። ሌላው ፕሮግራም በፋይሉ ላይ የጣለውን ቁልፍ ችላ በል ብዬ ማስገደድ እችላለሁ፤ ፋይሉ እየተጻፈ ሳለ ከተገለበጠ ግን ግማሹ የቀድሞ፣ ግማሹ አዲስ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ አላስገድደውም። በየማታው እነዚያው አራት የስህተት መስመሮች ይወጣሉ፤ እነዚያው አራቱ መሆናቸውን በየማታው ቁጭ ብዬ አነባለሁ። ባለፈው ሳምንት አምስት ነበሩ፤ አምስተኛው እኔው ከፍቼ የረሳሁት ፋይል ሆኖ ተገኘ።